የእትዬ መቀስ ጣሪያ

አክስቴን ሰፈሩ እትዬ መቀስ ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይቆርጣል። አርባ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ «ተሳስቻለሁ» ስትል የሰማት የለም። ቀሚሱ ከጠበበ ሙሽራዋ ወፍራለች፤ ከረዘመ ሙሽራዋ ጎብጣለች ማለት ነው።

ባሏ ከሞተ በኋላ የቤቷ ጣሪያ መሃሉ ላይ እየሰመጠ መጣ። መጀመሪያ ከመንገድ ማዶ ለቆመ ሰው ብቻ ነበር የሚታየው። ቀጥሎ ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ ተገፋ፤ በጥጉ በኩል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ሲዘንብ ደግሞ ውሃው በሰመጠው ቆርቆሮ ላይ ተጠራቅሞ የስፌት ማሽኗ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ይኼኔ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ብቅ አለ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ግን የሰው ቤት ለማፍረስ እንደሱ የሚቸኩል አላየሁም። «ቤቱ አርጅቷል። ይፍረስና ልጅሽ ጋ ግቢ፤ ቦታውን እኛ እናስተካክለዋለን» አላት። ልጇም በስልክ «አንድ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» አለ። ማሽኑ በዚያ ክፍል አይገባም። ያለ ማሽኗ አክስቴ ማን ናት? የምራቷን ድስት ስትጠብቅ የምትውል ሴትዮ! ይኼን ሳስብ እኔ ራሴ ደሜ ይፈላል።

አናጢ አስጠራች። አናጢው ቆርቆሮውን ደብደብ አድርጎ «ውሃ አስገብቷል፤ ምስጥም ሳይነካው አይቀርም። አዲስ ቆርቆሮ እናልብሰው» አለ። ዋርሳው «ለሞተ ቤት አዲስ ልብስ!» ብሎ ሳቀ። አክስቴ አናጢውን «ከሦስት ቀን በኋላ ና» ብላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እሷ መልስ ካቆየች አንድ ነገር አለ።

በአራተኛው ጠዋት አናጢው መልስ ሊሰማ ሲመጣ ዋርሳው ደግሞ አፍራሽ ሠራተኛ አስከትሎ ደረሰ፤ ሰውየው ገና ከመግባቱ ክፍሉን በእርምጃ ይለካ ጀመር። አክስቴ በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች አወጣች።

«አናጢ፣ ና ወዲህ። ከማሽኑ በላይ ያለውን ኮርኒስ ክፈተው።»

አናጢው መሰላል ላይ ወጥቶ አንዱን ጣውላ ነቀለ። «ኧረ እትዬ! አግዳሚዎቹ በመጋዝ ተቆርጠዋል! ማነው ይኼን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ሁለቱንም። ድሮ ጅራታም ቀሚስ ፋሽን ነበር። መሬት እንዳይነካብኝ ከጣሪያው አናት ልሰቅለው ስል አግዳሚው አላስኬድ አለኝ፤ ባሌ ሥራ ሲሄድ ቆረጥኩት። ፋሽኑ ሲያልፍ ኮርኒሱን አስመትቼ ዝም አልኩ። ታዲያ ምን ይጠበስ?»

ዋርሳው አጨበጨበ። «ይኸው! ቤቱን የገደለችው ራሷ ናት!»

«የገደልኩት እኔ ከሆንኩ የማድነውም እኔ ነኝ!» አለች። ያን ቃል ማውጣት ምን ያህል እንደከበዳት እኔ አውቃለሁ። ዝም ብትል አናጢው ቆርቆሮ ቀይሮ ይሄዳል፣ ስሟም ይተርፋል፣ ጣሪያው ግን አንድ ቀን አናቷ ላይ ይወርዳል። እኔ ያን ቀን ኮራሁባት።

አናጢው ያስረዳን ጀመር። አግዳሚው ቆርቆሮውን የተሸከሙትን የግራና የቀኝ ወራጆች አጥብቆ የሚይዝ እንጨት ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ወራጆቹ እየተከፈቱ ግድግዳውን ይገፋሉ፣ የጣሪያው አናት ይወርዳል።

«ቀበቶ ነው በለኛ» አለችው አክስቴ። «ይኼን ለማለት ነው ይኼ ሁሉ ንግግር?»

አናጢው ሁለት ወፍራም ቋሚ ከሥር አቁሞ ጣሪያውን በመኪና ክሪክ በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ ገፋው፤ ባንዴ ከተነሳ ይሰነጠቃል አለ። ግድግዳውንም በሽቦ ገመድ ወደ ውስጥ ሰበሰበው። እንጨቱ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሳ። አክስቴ ማሽኗን አላቆመችም። «ኧረ ከሥሩ ውጪ!» ብላት «አንቺ ውጪ» አለችኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲሶቹ አግዳሚዎች በቡሎን ታሰሩ።

ዋርሳው ሊያይ መጣ። አንጋጦ ቢፈልግ እንከን አጣ። «እሺ፣ ስንት ዓመት ይቆያል ብለሽ ነው?»

«እኔ እስካለሁ። ከዚያ በኋላ እናንተ እወቁበት።»

ጣሪያው ስለተጫነው የፊት በሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ገጥሞ አያውቅም ነበር፤ በሰንሰለት ነበር የምታስረው። ዋርሳውን እስከ ደጃፉ ሸኘችው። ሌላ ሊናገር ዞር ሲል «ደህና ዋል» ብላ በሩን በአንድ እጇ ገፋችው። ገጠመ።