ከጨሌው ጣሳ የወጣችው መሐለቅ

የተበሱ የድሮ ሳንቲሞች ለምን እንደምለቅም ጋምቤላ ውስጥ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነጋዴ ጓደኞቼ «አንጥረኛ ልትሆን ነው እንዴ?» ይሉኛል። ሌላው «ጤና ይስጥህ» ብሎ ያልፋል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። እኔና ባለቤቴ ከጅማ ወርደን ባሮ ዳር በከፈትናት ትንሽ ሱቅ ጨው፣ አቡጀዲድና ጨሌ እንሸጥ ነበር። የወንዙ ወደብ ያኔ እየሞተ ነው፤ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ በክረምት አንዴ ብቅ ካለም ተመስገን ነው። ያኖረን ጨሌው ነበር። ከወንዙ ማዶና ከኢታንግ በኩል የሚመጡት ሴቶች ጨሌ ሲገዙ መሃሉ ላይ የሚያንጠለጥሉት የተበሳ ሳንቲም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ባለው የጨሌ ጣሳ ውስጥ አሮጌ መሐለቅም፣ የሱዳን ቅርሽም አይታጣም ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችን። በተወለደች በአርባ ቀኗ ጎረቤታችን አንዲት መሐለቅ በሚስማር በስታ፣ በክር አንገቷ ላይ አሰረችላት። ከብር የተሠራች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የድሮ ሳንቲም ናት። ጎረቤታችን አኝዋክ ናት፤ ፕሮቴስታንት። አማርኛ የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ሽማግሌውንም ዳኛውንም «አንተ» ነው የምትለው። ባለቤቴ ክታብ መስሏት ደንገጥ ስትል «ክታብ አይደለም» አለቻት። «እኔ ክርስቲያን። ይሄ ስጦታ ነው። የሴት ልጅ አንገት ባዶ ጥሩ አይደለም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ እህትማማች ሆኑ። ዓሣ ከዚያ ቤት ይመጣል፣ ስኳር ከዚህ ቤት ይሄዳል።

ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ወባ ወሰደብን። የታመመችው ሦስት ቀን ብቻ ነው። የሚያጥቧት ሴቶች ከመምጣታቸው በፊት ጎረቤታችን ክሩን ከአንገቷ ፈታች፤ ባለቤቴ ስትፈታ አይታለች። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ወደ ሱቁ መጥታ መሐለቋን እጄ ላይ አኖረቻት። «ያዝ። ለእናቷ» አለችኝ። ሳላያት ተቀበልኩ። ወዲያው ከፈን አምጣ ተባልኩ። የገዛ ልጄን ከፈን ከገዛ ጣቃዬ ለክቼ መቅደድ ነበረብኝ፤ ለዚያ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። መሐለቋን ጣሳው ውስጥ ጣልኳት።

በአራተኛው ቀን ሱቁን ከፈትኩ። ሰዎች «ከሐዘን ሥራ ይሻልሃል» ብለውኝ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ቀይ ጨሌ መረጠች፣ ጣሳውን በጣቷ አማሰለችና አንዲት የተበሳች ሳንቲም አወጣች፤ ሸጥኩላት። ምን እንደሸጥኩ የገባኝ ማታ ባለቤቴ «መሐለቋስ?» ስትለኝ ነው። ጣሳውን ዘርግፌ አየሁ፤ የልጄ መሐለቅ የለችም።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ምግብ አልቀመሰችም። «ጎረቤታችን ለባልሽ ሰጥቻለሁ ትላለች። ሰጥታሃለች?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ የመጣችውን ጎረቤታችንን በሰው ፊት «የልጄን አንገት የፈታሽ ሌባ» ብላ አስወጣቻት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ጎረቤታችን ስትወጣ አንዴ አየችኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ፈሪ ነኝ፤ ያኔም አውቀው ነበር።

መልቀሙን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መሐለቋ ከተገኘች «ይኸው ጣሳው ሥር ነበረች» እላለሁ፤ የጎረቤታችን ስም ይነጻል፤ እኔም ሳልናዘዝ እገላገላለሁ ብዬ አሰብኩ። የተበሳ መሐለቅ ላመጣልኝ አንድ ዘለላ ጨሌ እሰጣለሁ አልኩ። ወሬው እስከ አቦቦ ደረሰ። ሰው መጣ። ቆይቶ ግን የሚመጡት መሐለቆች የቀዳዳቸው ጠርዝ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ትናንት የተበሱ ሆኑ። ለእኔ ሲሉ ይበሷቸው ጀመር! አውቄም እቀበላለሁ። አንዱን ብመልስ እውነተኛዋን የያዘችው ሴት ሰምታ ሳትመጣ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰውን ላውራ። የምፈልጋትን መሐለቅ አላውቃትም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልጄ አንገት ላይ ስትንጠለጠል ውላ ስታድር አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም። ቀዳዳዋ ሳንቲሟ ላይ ካለው ንጉሥ ራስ በላይ ይሁን ከአንገቱ በታች አላውቅም። ባለቤቴን ብጠይቅ ለምን ትለኛለች። ማታ ማታ ባንኮኒው ላይ እደረድራቸውና ሁሉንም እኩል አያለሁ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጎረቤታችን ሱቁ ገባች። ሌባ ተብላ ከተባረረች ወዲህ ደጃፋችንን ረግጣ አታውቅም። አንዲት መሐለቅ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ያቺ ናት?» አልኩ።

«አይደለም። እኔ በሳሁት» አለች። «በዚያ ሚስማር። ያኔ መጀመሪያ ሚስማሩ ተንሸራተተ፣ ጎን ወጋ። እይ፤ ይሄም እንደዚያ። እናት ታውቃለች።» ከቀዳዳዋ አጠገብ ትንሽ ስርጉድ አለ። «አንተ ሸጥከው። እኔ አውቃለሁ። አሁን ወደ አቦቦ እንሄዳለን፤ የባሌ አገር ነው። ከጨሌው ጣሳ አገኘሁት በላት። እኔ ሌባ ሆኜ አልሂድ።»

«እሺ» አልኩ።

ለባለቤቴ ስሰጣት አውራ ጣቷን ስርጉዱ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊቷ ተመለሰ። «ከየት አገኘሃት?» አለች። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አትዋሸኝ፤ ከጓሮ ሆኜ ስትገባ አይቻታለሁ። እሷ መለሰችው አይደል? አላልኩህም? እሷ ጋ እንደነበር አላልኩህም?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጎረቤታችን ቃሉን ሳይቀር አፌ ውስጥ አኑራልኝ ሄዳለች። ባለቤቴ ግን መሐለቋን አንገቷ ላይ እያሰረች ታለቅስ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብላ ወሰደችው። ያን ሌሊት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰላም እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን ምንጣፏንና ድስቷን ተሸክማ፣ ባሏን መንገድ ላይ አቁማ፣ ሱቁ ደጃፍ መጣች።

«አየችው?» አለችኝ።

«አየችው።»

«ደስ አላት?»

«ደስ አላት።»

ሳቀች። «እንግዲያ ጥራት። ልሳማትና ልሂድ።»

«ተኝታለች» አልኳት።

ከጓሮ የባለቤቴ መጥረጊያ ይሰማል፤ ግቢውን እየጠረገች ነው። ጎረቤታችንም ሰማችው። «እሺ» ብላ ሸክሟን አስተካከለችና ወደ ባሏ ሄደች።