የማይጋባ በሽታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሌላ ሌላውን ስዘረግፍ እንኳ ይህችን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ ልታዝንልኝ ካሰብህ ከአሁኑ ተወው። ሐዘንህን አልፈልገውም።

መኳንንት እባላለሁ። ጎንደር ሳለሁ ሥራዬ የሰው አካል ቁራጭ በስሱ መሸንሸን፣ ማቅለምና ተማሪዎች በማይክሮስኮፕ እንዲያዩት ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ ማዘጋጀት ነበር። ሐኪም አልነበርኩም። ጦርነቱ ገፍቶኝ ድንበር ተሻግሬ ሱዳን፣ ዶካ ከተማ ስገባ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ፤ ከመተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሁሉ "ዶክተር" ይለኝ ጀመር። አላረምኩም። ለምን አርማለሁ? ስሙ ጣፈጠኝ።

እንዲህ ተኮፍሼ ሳለሁ ነው ጥሩየ ልጇን ትርንጎን ይዛ የመጣችው። ጎንደር እኛ ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ዶካ መጥታ ገበያው ዳር ሻይ መሸጥ ጀምራለች። ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት በደስታ ጮኸች።

"ጋሽ መኳንንት! እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ዶክተሩ ሲሉ ሌላ ሰው መስሎኝ! ስላይድ ሲያቀልሙ አልነበር እንዴ?"

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለው። እሷ ክፋት አልነበራትም፤ ክፋቱ የእኔ ነው። ያንን ሳቅ ቋጠርኩት።

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፊቷ ግን የአሮጊት ነው፤ ጉንጯ ተንጠልጥሏል፣ የዓይኗ ቆብ ወርዷል። የክንዷ ቆዳ ከተሳበ ቶሎ አይመለስም። ጥቂት ከሮጠች ትንፋሽ ያጥራታል።

"ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ናት" አለችኝ እናቷ። "እርስዎ ያውቁት ይሆናል ብዬ ነው።"

አውቀው ነበር! ከሐኪሞቹ ይልቅ ይህችን አንዲት ነገር እኔ አውቃት ነበር። ቆዳችን ተስቦ የሚመለሰው፣ ሳንባችን ተነፍቶ የሚሰበሰበው በሚለጠጡ የፕሮቲን ክሮች ነው። ሕዋሶቻችን መጀመሪያ ቀጫጭን ክሮችን ከራሳቸው ውጪ ይዘረጋሉ፤ ሸማኔ ድር እንደሚወጥረው ማለት ነው። ኤላስቲን የሚባለው ፕሮቲን ጠብ ጠብ እያለ እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ በመጨረሻም አንድ ኢንዛይም እርስ በርሱ ያስተሳስረዋል። ይህ ግንባታ የሚከናወነው ይበልጡን በማኅፀንና በልጅነት ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ከጎደለ ክሩ ቅጥ ያጣል፣ ይበጣጠሳል። እንዲህ ያለ ቆዳ በገዛ እጄ አቅልሜ የተቆራረጡትን ጥቋቁር ክሮች አይቻለሁ። ልጅቷ ይዛው የተወለደችው ነገር ነው። አይጋባም።

"አላውቀውም" አልኳት።

ምነው በዚሁ በበቃኝ! በሦስተኛው ቀን ሼህ ሙሳ መጡ። ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ጥሩየ የምትኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይታ ነው።

"ዶክተር፣ ወላሂ ጎረቤቱ አስጨነቀኝ። የዚያች ልጅ ነገር ይጋባል እንዴ?"

ዶክተር አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? "ይጋባል። ልጆቻችሁን አርቁ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። አልሰከርኩም፣ ማንም አላስገደደኝም። ረጋ ብዬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

በሳምንቱ የጥሩየን ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። አንድ የቀን ሠራተኛ የጠጣበትን ብርጭቆ መሬት ላይ ሲከሰክሰው አየሁ። ልጆች ትርንጎን በድንጋይ አባረሯት። ሼህ ሙሳም እያዘኑ ግቢያቸውን አስለቀቋት። ፍራሿን ጭነት መኪና ላይ ስትወረውር ከመድኃኒት ቤቱ በር ቆሜ አየኋት። ደስ አለኝ። ይህንንም እወቀው፤ ደስ አለኝ።

በዓመቱ ሾዋክ በምትባል ሌላ የሱዳን ከተማ የገዳሪፍ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ልጅ ከአንድ የሻይ ዳስ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ አየሁ። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ነጠላው ሸርተት ሲል የተንጠለጠለ ጉንጯን አየሁ፤ ትርንጎ ነበረች። እናቷ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ኖሯል። ልጅቷ አልለየችኝም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ራሷን ልዳብሳት እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ ሸሸች።

"ጋሼ፣ አይንኩኝ። ይጋባብዎታል።"

ለእኔ ተጨንቃ ነው፤ ክፉ እንዳያገኘኝ።

"ማን አለሽ?"

"ዶክተሩ።"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "አይጋባም" ማለት። ያችን ታህል ቃል ለአንዲት ሕፃን መስጠት አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልሰጠሁም። ጥሩየ ጀሪካኗን ይዛ ከሩቅ ስትመጣ አየሁና ፊቴን አዙሬ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ።

ጦርነቱ ነው፣ ስደቱ ነው፣ የተነካው ክብሬ ነው አልልም። ስንቱ ተሰዶ የለ፣ ሁሉም ሕፃን ላይ ዋሸ? ፍቱኝም አልልም። ለአንተ የተናዘዝኩት አንተ ስለማታውቃት ነው፤ ይህም ራሱ ሌላ ፈሪነት ነው። የጥሩየ ዳስ የት እንዳለ አውቃለሁ። መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪና በየቀኑ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።