አንድ ጎኗ ብቻ የምታበራ ፔጆ

ዛሬ ጠዋት የልጄ ባል መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሞ በፖሊሽና በጨርቅ ሲወለውል ደረስኩበት።

«ወዴት ልትጠፋ ነው?» አልኩት።

«ኧረ አባባ፣ ለማሳመር ነው!» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። አዲስ አበባ ሥራ አገኘ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ይዞብኝ ሊሄድ!

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ መኪናውን የሚወለውል ሰው ሊሸጣት ነው፣ የሚሸጥ ደግሞ ጅቡቲ ሊሻገር ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር።

ያኔ አንድ ቀን እኔም የአሮጌ ፔጆዬን አንድ ጎን ወልውዬ ጨርሼ ወደ ሌላው ስዞር የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላዬ ቆሟል።

«ጓድ፣ ጉዞው መቼ ነው?»

በዚህ ሰው አንድ ቃል ሰው ይታሰራል።

«የምን ጉዞ፣ ጓድ ሊቀመንበር? ግማሿ ብቻ የተወለወለች መኪና ማን ይገዛኛል?» ብዬ ጨርቁን ጣልኩት።

ዞሮ አያትና ሳቁን ውጦ ሄደ። ሳቁንም አላመንኩት፤ ደርግ እስኪወድቅ ያንን ጎን አልነካሁም። የመጋላ ሰፈር ወዳጆቼ «አቦ፣ ከወዲህ ሙሽራ፣ ከወዲያ አማት!» እያሉ ጨረሱኝ።

አሁን የልጄ ባል አንዱን ጎን ጨርሶ ፖሊሹን እየፈለገ ነው። የፖሊሹ ቆርቆሮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

እናንተስ፣ ሰው ጥሏችሁ ሊሄድ መሆኑን በምን ነቃችሁበት? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ወደ እኔ እየመጣ ነው።