ለጎሽ የሚሆን ምንሽር ፍለጋ ከአማቴ ጋር

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ዳንግላ

ጋሪው ደጃፍ ላይ ሲቆም አማቴ አያ ስሜነህ የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተሰናድተዋል። እኔ ገና አንድ እግር ጫማ እየፈለግሁ ነው። ከባሕር ዳር የመጣሁት ሦስት ቀን ላርፍ ነበር። ዕረፍቱ ግን ትናንት እራት ላይ "ነገ ጠብመንጃ እንመርጣለን" ሲሉኝ አለቀ። ስለ ጠብመንጃ የማውቀው በየት በኩል መቆም እንደሌለብኝ ብቻ ነው። ቢሆንም አማት ሲያዝ እንዴት እምቢ ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤታቸው ወንድም ገረመው ጃዊ ቆላ ሰሊጥ ያርሳል። ሰኞ ዕለት ደወለና "አንድ ብቸኛ ጎሽ ማሳችንን አወደመው፣ ሰውም ሊገድል ነበር። እንዲገደል ፈቃድ ወጥቷል፤ ቅዳሜ ይድረሱልን" አላቸው። ከዚህ በላይ አላለም፣ መጨመርም አላስፈለገውም። አያ ስሜነህ በወጣትነታቸው ጃዊ ላይ ጎሽ መግደላቸውን የማያውቅ ሰው ዳንግላ ውስጥ የለም። ሠርግ በተጠሩ ቁጥር ይፎክሩታላ፦

አምስቱን አከታትሎ ያጎረሰ ጎሹን፣
ሦስት ርምጃ ሳይሞላ ያፈረሰ ጎኑን!

በእኔም ሠርግ ፎክረዋል። ሚዜዎቼ ከፊት ወንበር ተነሥተው ወደ ኋላ ሸሹ።

የራሳቸውን ምንሽር ግን ድሮ ሸጠው ልጃቸውን አስተምረውበታል። ያቺ ልጅ ዛሬ ሚስቴ ናት። ስለዚህ ጫማዬን አገኘሁና ጋሪው ላይ ወጣሁ።

"ቅዳሜ ባዶ እጄን ከሄድሁ ስሜ እዚያው ጃዊ ይቀበራል" አሉኝ።

"ክላሽ አይሻልም፣ አያ?"

"ክላሽ ለጎሽ? ጎሽ ቆዳው ወፍራም ነው። በትልቅ ጥይት፣ አንድ አንድ እያቀባበልህ፣ ረጋ ብለህ ስትለው ነው የሚወድቀው። ክላሽ ያናድደዋል እንጂ ምን ያደርገዋል!"

ባለጋሪው ሰምቶ ኖሮ ዞር ብሎ "ቅዳሜ ነው አሉ?" አለ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

2 ሰዓት። ከገበያው ጀርባ

የመጀመሪያው ጠብመንጃ የአንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ነው። ፈቃድ ያለው ቤልጅግ፣ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣ። ቀበሌ ካወቀ ለሦስት ቀን ሊያውሱን ፈቅደዋል። አማቴ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፤ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩ፤ ሰደፉን ዳሰሱ፤ አሸተቱት ሳይቀር። እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። የናፍጣ ሽታ አለው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፣ ብቻ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እስኪ ያቀባብሉት" አሉ የመቶ አለቃው።

አማቴ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ፣ የግራው ትከሻቸው ላይ። ከዚያ ጠብመንጃውን ወደ ሆዳቸው አውርደው፣ እጃቸውን በላዩ አሻግረው፣ በወዲያኛው ጎን ያለውን የማቀባበያ እጀታ ሲፈልጉ የጠፋ ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። የመቶ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰደፉ ይረዝማል" አሉ አማቴ፣ አስረክበው ወጡ።

4 ሰዓት ተኩል። አዲስ ቅዳም

ሚኒባሱ ውስጥ በሁለት የሽንኩርት ጆንያና በአንዲት ዶሮ መካከል ተቀምጬ ደረስሁ። ዶሮዋ ከእኔ የተሻለ ቦታ ነበራት። አዲስ ቅዳም ላይ ግራ ቀኙ ከሰል ነው፤ በመንገዱ ዳር የተደረደረው ከሰል የሞላ ማዳበሪያ አያልቅም።

ሁለተኛው ጠብመንጃ የአንድ ከሰል ነጋዴ ምንሽር ነው። ነጋዴው ቀልደኛ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። አማቴ አሁንም አዩ፣ ዳሰሱ፣ አሸተቱ። አሁንም በግራ ትከሻ፣ አሁንም ያ ፍለጋ።

"ግራኝ ነዎት እንዴ?" አለ ነጋዴው።

"በሁለቱም ነኝ" አሉ አማቴ።

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለቀኝ ተኳሽ ነው የተሠራው! በግራ ትከሻ የሚተኩስ ሰው አንዱን ለቅቆ ሁለተኛውን እስኪያቀባብል ጎሹ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል።"

ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣ የአማቴን ፊት አይቼ ወደ ሳል ቀየርሁት።

"ይከብዳል" ብለው መለሱለትና ወጡ።

ያን ጊዜ ነው ሳልፈልግ መቁጠር የጀመርሁት። አምስት ጥይት፣ ሦስት ርምጃ። በጭንቅላቴ ጎሹን አንድ ርምጃ አስኬድሁት። አማቴ እጀታውን እየፈለጉ ነው። ሁለት ርምጃ። አሁንም እየፈለጉ ነው። ሦስተኛውን ርምጃ ማስኬድ ፈራሁ።

7 ሰዓት። እንጅባራ

ብርድና ጉም። ምሳችን ቅቅል ድንች በአዋዜ፤ እጅ የሚያቃጥል፣ የማይጠገብ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው በልቼ ግራኝነታቸውን ያላየሁት ለካ ወድጄ አይደለም፤ ገበታ ላይ ሰው ሁሉ ቀኝ ነው። አሁን ግን አየሁ፤ ብርጭቋቸው በስተግራ ናት።

"አያ፣ ያኔ አምስቱን ሲያከታትሉ..."

"ብላ" አሉኝ።

በላሁ። ድንቹ ሲያልቅ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

"አንድ ጠብመንጃ ቀርቷል። ይሁን የሚባል ጓደኛዬ፣ ነፍሱን ይማር፣ ጃዊ አብረን የወረድን ጊዜ ለሁለታችን የያዘው ምንሽር ነው። ዘንገና ሚስቱ ዘንድ አለ። ወደዚያስ ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ የጎሽ ፍርሃት ግን አልመሰለኝም።

8 ሰዓት ተኩል። ዘንገና

ባጃጁ ከአስፋልቱ አውርዶን በእግር መንገድ ገባን። ሐይቁ ከታች ክብ ሆኖ ተኝቷል። ጦጣዎች ከዛፍ ላይ ሆነው አዩን፤ እኛም አየናቸው።

እትዬ ጥሩነሽ፣ የይሁን ሚስት፣ ድንች እየቆፈሩ ነበር። መቆፈሪያቸውን ጥለው አማቴን ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው። ከዚያ በአዊኛ ወሬ ገቡ። አማቴ አዊኛ የሚናገሩት አንድም ከልባቸው ሲሆን፣ አንድም እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ነው። ጠብመንጃው ከቤት ወጣ፤ ንጹሕ፣ ዘይት የጠጣ፣ ማንገቻው በእጅ የተሰፋ። እኔ እንኳ ጥሩ መሆኑ ገባኝ። አማቴ ግን አላዩትም፣ አልዳሰሱትም፣ አላሸተቱትም። እግራቸውን ነው የሚያዩት።

እትዬ ጥሩነሽ እኔን አየት አደረጉኝና ወደ አማቴ ዞሩ። "አማችህ እንዲሰማ በአማርኛ ልናገር" አሏቸው። "ስሜነህ፣ በዚህ ጠብመንጃ አንተ አንዲት ተኩሰሃል። እሷም ስታለች። እጀታው ሲጠፋህ ለይሁን ወርውረህለት ዛፍ ላይ ወጣህ። አይደለም?"

እኔ ሐይቁን ማየት ጀመርሁ።

"ነው" አሉ አማቴ በመጨረሻ። "ጎሹን የመቱት አምስቱም የይሁን ናቸው። መጀመሪያ ሠርግ ላይ ይሁን ራሱ ነው ፎክር ያለኝ፤ እሱ ድምፅ የለው፣ ዓይን አፋር። ያኔ 'ገደልን' ነበር የምል። እሱ ሲሞት 'ገደልሁ' አልሁ። አሁንማ አፍሬያለሁ። ቅዳሜ ሰው በእኔ ተማምኖ ጎሹ ፊት ይቆማል።"

አሳዘኑኝ። አማት ባይሆኑ ኖሮ አቅፋቸው ነበር።

"ይሁን ምን ይል እንደነበር ልንገርህ?" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። "'ስሜነህ ከዛፍ ላይ ‹በስተቀኝህ መጣ!› ብሎ ባይጮህ ወሬውን የሚያወራው ጎሹ ነበር' ይል ነበር። በል፣ ሂድና ለገረመው ንገር፤ ጠብመንጃው ለሚተኩስበት ሰው አለ በለው።"

ቤቱ ጋ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። አማቴ ሊሰቀል እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረጉት፤ እኔ፣ እትዬ ጥሩነሽና ሁለት ጦጣ ሰማን።

"ገረመው፣ ያንን ጎሽ የገደለው ይሁን ነው። እኔ ዛፍ ላይ ነበርሁ።"

"እናውቃለን፣ አያ" አለ ገረመው።

"ማን ነው እናውቃለን ባዩ?"

"ሁላችን ነና! ይሁን ያኔውኑ ነግሮናል። ተኳሽ ወረዳው መድቧል፣ ከነጠብመንጃው። እኛ ያጣነው ዛፍ ላይ ሆኖ ጎሹ ከየት እንደሚመጣ የሚያይና የሚጮህ ሰው ነው። የእርስዎን ድምፅ የሚያህል ቆላው ላይ የለም። ይመጣሉ አይደል?"

አማቴ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት፣ መልሰው አስጠጉት።

"እንዴታ!" አሉ። የዘንገና ጦጣ በሙሉ ሸሸ።

10 ሰዓት። ወደ ዳንግላ ስንመለስ

ምንሽሩ እዚያው ቀርቷል። እኛ የያዝነው እትዬ ጥሩነሽ የሰጡንን ግማሽ ጆንያ ድንች ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጨዋታውን ላስቀይር ብዬ "ታዲያ ሠርግ ላይ ፉከራው ምን ሊሆን ነው?" አልሁ።

"'ገደልን' እላለሁ" አሉ። "ይሁንንም በስሙ እጠራዋለሁ።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር። አዲስ ቅዳምን እንዳለፍን ግን በክርናቸው ጎሰም አድርገው በመንገዱ ዳር ያለ አንድ ዋርካ አሳዩኝ። ዓይናቸው እንደ ጠዋቱ በርቷል፤ አንዱን ጨፍነው ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ መዘኑት።

"ይኼ ቅርንጫፉ ይረዝማል" አሉ።