ሰባት ኪሎ እና የአዴ ሙሚና ሌንስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ያንን ረጅም ሌንስ ከመደርደሪያ ባነሣሁ ቁጥር አሁንም ያናድደኛል። ለምን እንደሚያናድደኝ ስነግራቸው ሰዎች ይስቁብኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጭሮ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ አነሣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ከአገር ከወጣ አሥር ዓመቱ ነው፤ አንድ የዐረብ አገር ከተማ ውስጥ ይሠራል። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ሊያገባ ነውና ትኬት ላከልኝ። "ፎቶ አንሺ አልቀጥርም፤ ካሜራህን ይዘህ ና" አለኝ። በዕድሜዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ደስታዬ የቆየው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ትኬቱን ደህና አድርጌ ሳነበው፣ በእጅ የሚያዘው ሰባት ኪሎ ብቻ ነው ይላል።

ሌንስ ደግሞ እንደ ልብስ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይወረወርም። መስታወት ነው፤ በእጅ መያዝ አለበት። ከጎረቤቴ ከሐጂ ከድር ቅመም ቤት ሚዛን ተውሼ መመዘን ጀመርኩ። ካሜራው፣ ባትሪው፣ ፍላሹ፣ ቦርሳው ራሱ። ሃምሳዋ የምንላት ትንሿ ሌንስ ቀላል ስለሆነች አላስቸገረችኝም። ጭንቁ ሁለቱ ከባዶች ላይ ነው። አንዱ ሰፊው ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ቆመህ አዳራሹን ከነሰዉ የሚያስገባልህ። ሌላው ረጅሙ ነው፤ ሩቅ ያለውን የሚያቀርብ፣ ክንድ የሚያክል፣ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ሰፊው ይሄዳል፣ ረጅሙ ይቀራል። ለዚህ የማንም ምክር አያስፈልግም ነበር።

ጭሮ ግን ሰውን ያለ ምክር አትሸኝም። ሐጂ ከድር ሚዛኑን ባዋሰኝ በሰዓቱ ወሬው መናኸሪያ ደርሷል። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው አለ ከተባለ ደግሞ ዕቃ የማያስይዝ የለም። በርበሬ መጣ፣ ቆሎ መጣ፣ ድርቆሽ መጣ። አንዷ እንዲያውም እህቷን ራሷን ስለሚያማት ዳማከሴ አደርስላት ዘንድ ለመነችኝ። ባለቤቴ ገነት ማንንም እምቢ ማለት አትችልም። የታችኛው ሻንጣ ሲሞላ ወደ እኔ ቦርሳ ዞረች። ሰፊውን ሌንስ አውጥታ ሽሮ ስትከት እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

"ሌንስ እዚያ ሞልቷል፤ ሽሮ ነው የሌለው" አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር።

ደሜ ፈላ። ሽሮውን አወጣሁ፣ ሌንሱን መለስኩ፣ ቦርሳውን ይዤ ወደ ፎቶ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አዴ ሙሚና ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው።

አዴ ሙሚና የበደሳ ሰው ናቸው። አዴ እኛ ዘንድ ለትልቅ ሴት የምንለው የአክብሮት መጠሪያ ነው። ኢፍቱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ወንድሜ ባለበት ከተማ ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ፎቶ አይቀበልም። ስለዚህ ኢፍቱ ፎቶዋን በእኔ ስልክ ትልካለች፣ እኔ አትማለሁ፣ እሳቸው ከበደሳ በሚኒባስ መጥተው ይወስዳሉ። እንዲህ ስንል ኖረን፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ያተምኩትን አገላብጠው አዩና ጠረጴዛዬ ላይ መለሱልኝ።

"ይቺ ኢፍቱ አይደለችም" አሉ።

ስልኩ ነው ያሳመራት፣ የዘንድሮ ስልክ ፊት ያለሰልሳል፣ ዓይን ያሰፋል ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው የግራ ቅንድባቸውን ጫፍ ነኩና ምልክቷ የት ሄደ አሉኝ። ኢፍቱ በልጅነቷ ከቡና ማስጫ ቆጥ ላይ ወድቃ እዚያ ጋ ተሰፍታለች። ስልኩ ጠባሳዋንም አጥፍቶታል። ከዚያ ወዲያ የመጡትን ሦስት ፎቶዎች አንዱንም አልወሰዱ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቀሩ። ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ፣ ግን ፊቷን የምትደብቀኝ ምን ሆና ነው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር።

ያን ቀን የመጡት ለዚሁ ነው። ሄደህ በራስህ ዓይን አይተህ፣ በራስህ ካሜራ አንሥተህ አምጣልኝ አሉ። እሺ አልኩ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሌንሶች ያያሉ።

"የትኛውን ነው የምትወስደው?"

አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ረጅሙን ያዙ። ለካ አንድ ጊዜ በደሳ ሠርግ ላይ ከቤት ጣሪያ ሆኜ በዚያ ሌንስ አንሥቻቸዋለሁ፤ ሳያውቁ ሲስቁ። ፎቶውን ሲያዩ ይሄ ሰው ማዶ ቆሞ ጥርሴን ቆጠረ ብለው ለአገሩ ሁሉ አውርተዋል።

እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፣ አጠገቧ ቆሜ ነው የማነሣት፣ ይሄ አያስፈልግም አልኳቸው።

"ኢልማኮ፣ አገሩ ሩቅ ነው" አሉኝ። ኢልማኮ ማለት ልጄ ማለት ነው።

የአገር ርቀትና የሌንስ ርቀት አይገናኙም ብዬ አንድ ጊዜ አስረዳሁ። ሁለተኛ አስረዳሁ። በሦስተኛው ሚዛኑን አምጥቼ በቁጥር አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ፍንክች የለም። ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሌንሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቁጭ። የሚኒባሱ ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙበት። በአላህ ስም ለመንገዴ፣ ለዓይኔ፣ ለእጄ ለመኑና ሌንሱን በሁለት እጃቸው ሰጥተውኝ ሄዱ።

ገነት ይህን ስትሰማ ነገር አበቃ። እሷ ማርያም ብላ የምትምል ሴት ናት፤ ምርቃት ላይ ግን ሃይማኖት አትለይም። የተመረቀ ዕቃ ጥለህ አየር ላይ ልትወጣ ነው ወይ አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም አውሮፕላኑን ፈርቼ ነበር። ሰፊውን አስቀርቼ ረጅሙን ያዝኩ። በቀረችው ቦታ ገነት ሽሮዋን ከተተች።

ሰለሞን አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎኝ ቦርሳውን ከፍቶ ሲያይ፣ "ለሠርግ ነው የመጣኸው ወይስ ለአደን?" አለኝ። የሠርጉን ነገር ባላወራው ይሻለኛል። አዳራሹ አዳራሽ አይባልም፤ ከእኔ ፎቶ ቤት እምብዛም አይሰፋም። በሃምሳዋ ሁለት ሰው ይገባል፣ ሦስተኛው ይቆረጣል። የቤተ ዘመዱን ፎቶ ለማንሣት ወደ ኋላ ስሸሽ፣ ስሸሽ፣ በበሩ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አስተናጋጅ ገጭቼ ሳህን አስጣልኩ። እንደዚያም ሆኖ የሙሽራዋ እናት ግማሽ ፊታቸው የለም። ያን ምሽት አዴ ሙሚናን በሆዴ ያላልኳቸው የለም።

ኢፍቱ ደግሞ የባሰች ሆነች። ደወልኩላት፤ ነገ አለች። ነገ ስደውል ከነገ ወዲያ አለች። ከነገ ወዲያ ስልኩን አላነሣችም። መመለሻዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ትዕግሥቴ አለቀና ተቆጣኋት፤ እናትሽን ምን ልበላቸው አልኳት።

"ፈልጌ አጣኋት በላት ጋሼ" አለችኝ።

ከዚያ ነው የተናገረችው። አሠሪዎቿ ለረጅም ጊዜ ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። ከአልጋ የማይነሡ አሮጊት እናታቸውን ለሷ ትተውላታል። ሴትዮዋን ለአፍታ ጥላ መውጣት አትችልም፤ እንግዳ ወንድ ደግሞ እዚያ ቤት መግባት ክልክል ነው። በዚያ ላይ እንቅልፍ አጥታ ከስታለች፣ ፊቷ ጠቁሯል። እናቴ እንደዚህ ሆኜ ካየችኝ ታማ ትወድቃለች፣ ለዚያ ነው ፎቶዬን የማሳምረው አለችኝ። ያን ሁሉ ቁጣዬን የት ልክተተው? አፈርኩ።

መስኮት የለሽም ወይ አልኳት። ልብስ የምታሰጣበት በረንዳ አለ፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በትልቁ መንገድ በኩል።

በማግስቱ ጠዋት ከሰለሞን ጋር በመኪናው ሄድኩ። ከሕንፃው ሥር ስቆም የበረንዳው አጥር ይከልላታል፣ አትታይም። የምትታየው ሰፊውን መንገድ ተሻግሮ፣ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ሲቆሙ ነው። ከዚያ ሆኜ በሃምሳዋ ባያት፣ ከተሰጣው አንሶላ መሀል አንዲት ነጥብ ናት። እጄን ቦርሳው ውስጥ ሰደድኩና ያንን ርጉም ሌንስ አወጣሁ።

ገጥሜ ሳስተካክል ኢፍቱ አጠገቤ መጣች። ሌላ አባባል የለኝም። ሻሽ አስራለች፣ በሁለት እጇ የበረንዳውን ብረት ይዛለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ስልኩን ሰለሞን ጆሮዬ ላይ ይዞልኛል።

"ሻሽሽን ከግንባርሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው" አልኳት።

በሌንሱ ውስጥ አንገቷን ስትደፋ አየሁ።

"ኢፍቱ፣ እናትሽ የሚፈልጉት ምልክትሽን ነው" አልኳት።

ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው። ጠባሳው እዚያው ነበር፣ በግራ ቅንድቧ ጫፍ ላይ። ጥበቃው ከሕንፃው በር ወጥቶ እየጮኸ ወደ እኛ መሻገር ጀመረ፤ ሰለሞን እጅጌዬን ይጎትተኛል። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁና መኪና ውስጥ ዘለን ገባን። የከተማዋን ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ልጅቷ እስካሁን እዚያው ቤት ናት።

ጭሮ ተመልሼ አዴ ሙሚና እስኪመጡ ድረስ ፎቶውን አትሜ ሦስት ቀን ሸሸግኩት። ከማተሜ በፊት እኔም ፊቷን ትንሽ ባቀላው፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ባጠፋው ማን ያውቃል ብዬ አስቤ ነበር። አልዋሽም፣ ጀምሬውም ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።

መጡ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ጣታቸውን ጠባሳው ላይ አሳረፉ። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ የማደርገው ጠፍቶኛል።

"ኢፍቱ ናት" አሉ በመጨረሻ። "ከስታለች። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር ዱዓ የማደርገው። አሁን ምን ብዬ እንደምለምንላት አወቅሁ።"

አላለቀሱም። እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት። ከዚያ ፎቶውን በሰማያዊ ሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና አሁን እኔን አንሣኝና ላክላት አሉ። ካሜራውን ከሃምሳዋ ጋር ሳነሣ ግን እጄን ያዙኝ።

"በዚያኛው።"

ረጅሙ ሌንስ እዚያች ክፍል ውስጥ ምንም አያነሣም። ተከራከርኩ፤ በከንቱ። እሳቸው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፣ እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ ከማዶ። ባጃጁ በመሀላችን ያልፋል፣ ሳነጣጥር ሌላው ይመጣል፣ ሹፌሮቹ ይሰድቡኛል፣ ሐጂ ከድር ከቅመም ቤቱ ወጥቶ ይስቃል። ላብ በላብ ሆንኩ። ድንገት መንገዱ ሲጠራ አዴ ሙሚና ሁልጊዜ አፋቸው ላይ የሚይዙትን እጃቸውን አወረዱና አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። ከፊት ሦስት ጥርሳቸው የለም። ለካ እሳቸውም ይህን ለልጃቸው ሳይነግሩ ዓመት አልፏቸዋል።

ፎቶውን ያኔውኑ ላክሁት። ኢፍቱ በድምፅ መለሰች፤ መጀመሪያ ሳቅ ነው፣ ከዚያ ለቅሶ ነው፣ ከዚያ ጥርስሽ የት ሄደ እማ የሚል ነው። አዴ ሙሚና ስልኬን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው አራት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ወዲህ የምትልከው ፎቶ ሁሉ ጠባሳው ያለበት ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ የሚቀር የለም።

እኔ ግን አሁንም ተናድጃለሁ። ሰለሞን በደወለ ቁጥር የአማቴ ግማሽ ፊት የታለ ይለኛል። ገነት ደግሞ ሽሮውን ጨምራ ትክክል ነበርኩ ትላለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ በቀደም ለሥራ ድሬዳዋ ስሄድ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ስልክ አንሥቼ የትኛውን ሌንስ ልያዝ ብዬ በደሳ አዴ ሙሚና ጋ መደወሌ ነው።