ራሴን ተላጭቼ ብመለስ ለባሌ ተለቀሰ

ከአውቶብሱ ወርጄ ዳንግላ ላይ እግሬ መሬት እንደረገጠ ንፋስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው... ራሴ ተላጭቷል። አጠገቤም ባሌ የለም።

ጎረቤታችን እትዬ ውዴ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ራሴን አየች... ከኋላዬ ሰው ፈለገች... ከዚያ «ወይኔ ጥሩነህ» ብላ ደረቷን መታች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን ትላጫለች። እኔን ግን የላጩኝ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት፣ ለቀዶ ጥገና ነው።

ለወራት ራሴን ሲፈልጠኝ ቆይቶ ዓይኔ ከግራና ከቀኝ እየጠበበ ሄደ። በር ሳልፍ መቃኑን በትከሻዬ እመታለሁ። ጠበልም ገባሁ... አልተወኝም። በመጨረሻ ባሌ ጥሩነህ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ፣ «ከማንም ሰው አንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል እጢ አለች። እሷ አጠገብ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በቅሎ የዓይንሽን ጅማት ተጭኖታል። ነቀርሳ አይደለም... ካልወጣ ግን ትታወሪያለሽ» አለኝ።

ከዳንግላ ስንነሳ የሸኘኝ ሁሉ የሳመኝ እንደ ሬሳ ነበር። የሰው ራስ ተከፍቶ ይዳናል ብሎ ማን ያምናል? እኔም አላመንኩም። ስነቃ ጥሩነህ ከአልጋው ጎን ተቀምጧል። ፊቴን ሳላዞር አየሁት... ዝም ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ አሁን የሚለቀስለት ይኸው ሰው ነው።

«ኧረ አልሞተም» እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። አማቴ እማማ አንጓች ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። ልጃቸውን በአገውኛ እየጠሩ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። እጃቸውን ያዝኩና፣ «እማማ፣ ይስሙኝ... ጥሩነህ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ነው። ዕቃችንን እያወረደ ነው» አልኳቸው።

ቀና አሉ። ጥሩነህ ፍራሻችንን እንዳቀፈ ከላይ አንገቱን አሰገገ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አለችው እትዬ ውዴ።

አማቴ መሳቅ ጀመሩ። እየሳቁ ተነስተው የራሴን ስፌት በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፣ ግንባሬን ሳሙኝ። «የአንዷን መርዶ ስጠብቅ ሁለቱም መጡልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሰፋ፣ ጸጉሬም በቀለ። ጥማቱ ግን ጥቂት አስቸገረኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ውሃ በማሰሮ ጠጥቼ አልረካም ነበርና ሐኪሙ «ያቺ እጢ ተነክታ ነው» ብሎ በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ሰጥቶኛል። ጥማቱ እስኪተወኝ ድረስ ጠዋትና ማታ እስበው ነበር።

አማቴ ይህን ብቻ ሳይወዱት ቀሩ። ሊጠይቀኝ ለመጣ ሁሉ እንዲህ ይሉ ነበር... «ፈረንጆቹስ ራሷን አዳኑልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ብቻ ሱረት አስለምደው ሰደዱብኝ።»