ቀ ናት ወይስ ዘጠና

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ብሉር ጎዳና አካባቢ ባለው ማኅበራችን ስለ ጥንት ሳንቲም የሚጠየቅ ሰው እኔ ነበርሁ። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫንሁ፣ ደርሶ መልስ አውቶቡስ ላይ የግሪክን ፊደል ብቻዬን ያጠናሁ ሰው ነኝ። የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደል መምጣታቸውን ለማኅበርተኞቼ ያስረዳሁትም እኔ ነኝ።

ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ ነበረኝ። ሳንቲም የምንገዛው በጋራ ነበር። አንድ እሑድ የማኅበሩ ተራ ደርሶኝ ሰው ሁሉ ቤቴ እንደተሰበሰበ፣ ጥፍር የምታህል የብር ሳንቲም አወጣሁ። በጥንት ዘመን የግሪክ አገር የአካይያ ከተሞች ማኅበር መሥርተው ያወጧት ናት። የሁሉም ከተማ ሳንቲም አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊቱ የዜውስ ራስ፣ ከጀርባው የማኅበሩ ምልክት። ከተማውን የምትለየው አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ናት። በዚህችኛዋ ላይ ክብ ራስና አንድ እግር ያላት ምልክት ነበረች።

«ዘጠና ማለት ናት» አልሁ። «የእኛ ፺ የመጣው ከእሷ ነው። ሳንቲሟ የታተመችበት ቅርጽ ዘጠናኛው ነው ለማለት ነው።»

ወዳጄ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት። «ኧረ ይቺማ ቀ ናት! ቆሮንቶስ ለማለት ይሆናል። እንደኛው ማኅበር እኮ ነው፤ ጽዋው አንድ፣ ቤቱ የየራስ።»

«ግሪኮቹ በአማርኛ ጻፉልህ?» አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝና ጨመርሁበት፤ «አንተ የመንገድ ስም አንብብ፤ ይህን ለሚያውቅ ተው።»

ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ማኅበሩንም ተወ። ሁለት ክረምት ሳንነጋገር አለፈ።

ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስሁት መጽሐፍ ላይ ያቺን ምልክት አገኘኋት። የቆሮንቶስ ስም መነሻ ፊደል ናት፤ ድምፅዋም እንደ ቀ ነው። እኛም ቆሮንቶስን በቆ እንደምንጽፍ ያላየሁት እኔ ነኝ፣ የፊደል አዋቂው።

ዛሬ ኮል አደርጋለሁ፣ ነገ ኮል አደርጋለሁ ስል ሳምንታት አለፉ። ሆስፒታል መግባቱን ሰምቼ ስሄድ ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችኝ። «ጋሼ፣ ዘገዩ። አሁን ሰው አይሰማም» አለችኝ። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ «ቀ ናት» አልሁት። ሳንቲሟን መዳፉ ላይ አድርጌ ጣቶቹን አጠፍሁለት። አልጨበጣትም፤ አንሶላው ላይ ወደቀች። በማግስቱ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልጻፍ። ዐሥራ አራት የአካይያ ሳንቲሞች የየትኛው ከተማ እንደሆኑ ያለ አስተማሪ ለይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ እዚያው ቤቴ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ቆሜ «ትክክል እሱ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ብያለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ስሕተቱን እንዲህ በሰው ፊት ያመነ ሰው አላየሁም። ማንም አልሳቀም። ሳንቲሟን ለሚስቱ ሰጥቻለሁ። በመያዣዋ ወረቀት ላይ «ቀ፣ ቆሮንቶስ» ብዬ፣ ከሥሩም ያነበባት እሱ መሆኑን በገዛ እጄ ጽፌያለሁ።